የሰሜኑ ግድግዳ

ሚኒሶታ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ከዱሉት ወደ ሰሜን፣ ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር ያለች አንዲት አሮጌ የግንድ ቤት ስናድስ በጋውን ከረምን። የሥራ ባልደረባዬ አገር ቤት አናጢ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነበር የምላቸው። የቤቷ ባለቤት አንዲት ባልቴት ናቸው። በረዶ ሲጀምር በግንዶቹ መሀል የሚገባው ነፋስ ስለሚያስቸግራቸው አልጋቸውን ወደ ምድጃው ይጎትቱ ነበር። እዚያ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስ ሌሊት አለ።

እኔ በመጀመሪያው ቀን ክፍተቱን ለመድፈን ቸኮልኩ። ጋሼ ግን፣ «እንጨቱ ሳይታከም?» ብለው ከለከሉኝ።

የቀደሙት ሰዎች ክፍተቱን በሲሚንቶ ነበር የሞሉት። ግንድ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲሚንቶ አይከተለውም፤ ውሃ በዚያ ይገባል። እሱን ፈልፍለን አወጣን። የተላላጠውን ቀለም የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ በአየር ግፊት እየረጨን ገፈፍነው። ከዚያ ቦሬት የሚባለውን ነጭ ዱቄት በውሃ በጥብጠን ቀባን። እንጨት የሚያበሰብሰውንም፣ የሚበላውንም ያጠፋል፤ ግን የሚሰርገው ራቁቱን ባለ እንጨት ብቻ ነው፣ ዝናብም ያጥበዋል። ስለዚህ የእንጨት ቀለም ከላይ ይከድነዋል። ቀለሙን ከመቀባታችን በፊት የእርጥበት መለኪያው ከ19 በመቶ በታች እስኪወርድ ቀናት ጠበቅን። መድፈኛው፣ ሠራተኛው ቺንኪንግ የሚለው እንደ ጎማ የሚለጠጥ ነገር፣ የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው።

ጋሼ መጀመሪያ በየክፍተቱ የስፖንጅ ገመድ ይወትፋሉ። «ምርጊትን የሚያጸናው ጭዱ ነው፤ ጭቃውን ይይዘዋል። ይህን የሚያጸናው ግን ጀርባው አለመያዙ ነው፣ ልጄ። ከላይኛውና ከታችኛው ግንድ ብቻ ይጣበቅ፤ ግንዱ ሲላወስ አብሮ ይሳባል። ጀርባው ከተጣበቀ ይቀደዳል» አሉኝ።

አንድ አርብ ማታ፣ በሰሜኑ ግድግዳ ከወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረኝ ገመዱ አለቀ። ጋሼ ዕቃ ሊያደርሱ ሄደዋል። መድፈኛውን እንዲሁ ጠቀጠቅኩት፣ በእርጥብ ብሩሽ አለሰለስኩት። ከሌላው አይለይም ነበር። አልነገርኳቸውም።

በዓመቱ ባልቴቷ ለሌላ ሥራ ጠሩን። ጋሼ ጧፍ ለኩሰው ከውስጥ በኩል ግድግዳውን ይዘው ሄዱ። ነበልባሉ ቀጥ እንዳለ ሦስቱን ግድግዳ ጨረሰ። መስኮቱ ሥር ሲደርስ ተጋደመ።

ውጭ ወጥተን አየነው፤ መሀል ለመሀል ተቀዷል። የማን እጅ እንደሆነ አልጠየቁኝም። ቢላዋቸውን ሰጡኝ።

ቆርጬ ሳወጣው ከጀርባው እንጨቱ ረጥቦ ጠቁሯል፤ መለኪያው 26 አለ። ያን ሁሉ ቀን ያከምነው ግንድ፣ በእኔ ሁለት ክንድ በኩል ውሃ ሲጠጣ ከርሟል። ባልቴቷም በዚያው ወጥ ቤት ሲበርዳቸው ከርመዋል፤ ሆዴን የበላኝ ይህ ነው።

ሸራ ጋርደን አደረቅነው፣ ቦሬቱንና ቀለሙን ደገምኩ። ገመዱን ስወትፍ ጋሼ አጠገቤ ቆመው ነበር፤ እጃቸውን ግን አላነሱም።