ፓስታ በባልትናችን



ቤተሰብን መመገብ ሆድን መሙላት ብቻ አይደለም። ለሕፃኑ ዕድገትን፣ ለሠራተኛው ብርታትን፣ ለአረጋዊው ጤንነትን የሚሰጠውን ለይቶና አስማምቶ ማቅረብ ነው እንጂ። እናቶቻችን ይህን ጥበብ ባልትና ብለውታል። ባልትናም በእንጀራና በወጥ ብቻ ተወስኖ የሚቀር ሳይሆን፣ ከውጭ የገባውንም ምግብ መዝኖ ለቤቱ የሚያለምድ ዕውቀት ነው። ስለዚህ ዛሬ ከየሱቁ ተገዝቶ በየቤቱ ስለሚቀቀለው ስለ ፓስታ ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ፓስታ ከጣልያን አገር የመጣ ምግብ መሆኑ የታወቀ ነው። በከተሞቻችንም ይልቁንም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የወረራ ዘመን ወዲህ እየተለመደ ሄደ፤ ወራሪው ተባረረ፣ ምግቡ ግን ቀረ። ይሁን እንጂ ጥሬ ዕቃው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ደረቅ ፓስታ በደንቡ የሚሠራው ዱረም ከተባለው ጠንካራ ስንዴ ነው፤ ይህም ስንዴ ከጥንት ጀምሮ በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን ሲዘራ የኖረ ነው።

በእኛ ቤት ማዕድ የምንቀርብ ስድስት ነን። ከመካከላችን ዕድሜያቸው የገፋ፣ የስኳር በሽታም ያለባቸው እናታችን አሉ፤ መጾም የጀመረ የ12 ዓመት ልጅም አለ። ልጁ በጾም ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚጠይቀው ፓስታ ነው። እናታችን ግን ፓስታን የሰነፍ ምግብ እያሉ ይነቅፉት ነበር። ነቀፌታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በብዙ ቦታ የሚቀርበው ከመጠን በላይ የተቀቀለ ሊጥ፣ በላዩም ዘይት የሚንሳፈፍበት ጥቂት ቀይ መረቅ ነውና።

ነገሩ የምርጫ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የተረዳነው ባለ 55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው። ሐኪማቸውና የንስሐ አባታቸው እናታችን የሚጾሙበትን ሰዓት እንዲያሳጥሩ መክረዋቸው ምክሩን ተቀበሉ፤ ከቤተሰቡ የጾም ማዕድ መለየትን ግን አልወደዱም። እንግዲህ መለወጥ የነበረበት ድስቱ ነበር፤ አንዱ ድስት የሚያድገውንም ልጅ፣ የሚታመሙትንም እናት እንዲመግብ። መፍትሔውንም ያገኙት ነቃፊዋ ራሳቸው ናቸው። ማማሰያውን ተቀብለው ሱጎውን ልክ እንደ ወጥ ከቁሌቱ ጀምረው ሠሩት።

አሠራሩም እነሆ። ለስድስት ሰው 500 ግራም ፓስታ፣ 1 ብርጭቆ ድፍን ምስር፣ 3 ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ 5 የበሰሉ ቲማቲሞች፣ 2 ካሮት፣ 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጥቂት በሶብላና ጨው ይበቃል። ምስሩ ተለቅሞና ታጥቦ ለብቻው ይቀቀላል፤ ቲማቲም ኮምጣጣ ስለ ሆነ ከመጀመሪያው አብሮ ቢገባ ጥራጥሬው ቶሎ እንዳይበስል ያደርገዋልና። ሽንኩርቱ ደቆ ያለ ዘይት፣ ውኃ ጠብ እየተደረገለት፣ በዝግታ እሳት ይቁላላል። ሲለሰልስ ዘይቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱና የተፈቀፈቀው ካሮት ይገባሉ፤ ቀጥሎ የደቀቀው ቲማቲም ተጨምሮ 20 ደቂቃ ያህል ይንተከተካል። በመጨረሻ የበሰለው ምስር ይቀላቀልና በሶብላውና ጨው ይደረግበታል። ምስሩ ቅርጹን ስለሚጠብቅ የተፈጨ ሥጋን ይተካል፤ ፓስታው የሚጎድለውን ገንቢ ምግብም ይሰጣል።

በዚህ አሠራር ዘይቱ ያነሰው ለቁጠባ ብቻ አይደለም። ሽንኩርቱ ቀድሞ በራሱ ውኃ ስለ በሰለ ብዙ ዘይት አይጠይቅም። ጨርሶ ዘይት መከልከልም አያስፈልግም፤ በቲማቲም ውስጥ ያለውን ላይኮፒን የተባለ ቀይ ንጥረ ነገር ሰውነት ይበልጥ የሚቀበለው ቲማቲሙ ሲበስልና ጥቂት ቅባት ሲያገኝ ነው። እንዲሁም የምስሩን የብረት ንጥረ ነገር ሰውነት በሚገባ እንዲወስድ፣ ከማዕዱ አጠገብ ጥሬ ቃርያ ወይም ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ ማቅረብ ይረዳል። ሻይና ቡና ግን ይህንኑ የሚያሰናክሉ ስለ ሆኑ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገዩ መልካም ነው።

ስለ ቅቀላው ደግሞ አንድ ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ብቻ አምኖ ድስቱን ማውረድ አይገባም። ውኃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በድሬዳዋ ከዚህ ከፍ ይላል፤ በደብረ ብርሃን ደግሞ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በደጋ ፓስታው ጥቂት ደቂቃዎች ይጨመሩለታል፤ ትክክለኛው ዳኛ ግን ሰዓቱ ሳይሆን ጥርስ ነው። ለ500 ግራም ፓስታ 5 ሊትር ውኃ በሚገባ ይፍላ፤ ከዚያ ጥቂት ጨው ተደርጎበት ፓስታው ይግባ። ሳይሟሽሽ፣ ሲነክሱት ትንሽ ጸና እንዳለ ይውጣ። እንዲህ ያለው ፓስታ ከሟሸሸው ይልቅ በዝግታ ስለሚፈጭ፣ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር በአንድ ጊዜ ከፍ አያደርገውም።

በሚፈላው ውኃ ላይ ዘይት መጨመር ልማድ ቢሆንም ጥቅም የለውም፤ ፓስታውን አንሸራታች አድርጎ ሱጎው እንዳይይዘው ያደርጋል እንጂ። ከተጠለለ በኋላም በቀዝቃዛ ውኃ አይታጠብ። ይልቁንም ከመቀቀያው ውኃ አንድ ብርጭቆ ይቀመጥ፤ ስታርች ያለበት ስለ ሆነ ሱጎው ላይ ጥቂት ሲጨመር ያለ ተጨማሪ ዘይት ሱጎውን ከፓስታው ጋር ያዋሕደዋል።

በሳህን ላይ አደላደሉም የባልትና ክፍል ነው። ሐኪሞች የስኳር ሕመም ላለባቸው እንደሚመክሩት፣ የእናታችን ሳህን ግማሹ ጎመን ወይም ሰላጣ፣ ሩቡ ምስር፣ ሩቡ ብቻ ፓስታ ነው። ሮጦ የሚውለው ልጅ ግን ፓስታው ይበዛለታል። ድስቱ አንድ ነው፤ ጭልፋው ብቻ ይለያያል።

ለጾም የሚገዛ ፓስታም ይመረጥ። የተለመደው ደረቅ ፓስታ ከስንዴና ከውኃ ብቻ የተሠራ ነው፤ እንቁላል የገባበትም ዓይነት ስላለ በማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ይገባል። ምስሩ ሲሰለች ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያደረ ሽምብራ ተቀቅሎ ከደቀቀ ጎመን ጋር ይተካዋል። በፍስክ ቀን ሩብ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ ከግማሽ ብርጭቆ ምስር ጋር ቢሠራ ስድስት ሰው ያጠግባል፤ ወይም በላዩ አይብ ይፈረፈርበታል።

እናታችን ዛሬም ፓስታን ከእንጀራ ጋር አያስተካክሉትም። ነገር ግን ረቡዕና ዓርብ ሲደርስ ቁሌቱን ለሌላ ሰው አይተዉም፤ የልጅ ልጃቸውም አጠገባቸው ቆሞ ካሮት ይፈቀፍቃል፣ ፓስታው መብሰሉንም በጥርሱ ይፈትናል። የሰነፍ የተባለው ምግብ ለአያትና ለልጅ የጋራ ሥራ ሆነላቸው። እናንተም የምታውቁትን የወጥ ጥበብ በዚህ ድስት ላይ ብታውሉት፣ በጥቂት ወጪ ሁሉን የሚያጠግብና ማንንም የማይጎዳ ማዕድ ታገኛላችሁ።