ከአቧራው ሥር ማን አለ?

እስኪ ይህን ታሪክ ይስሙኝ። አንድ ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ፖርቱጋል ገጠር ውስጥ ለዓመታት ሰው ያልኖረበት የእርሻ ቦታ ይገዛል። ግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ መጋዘን አለ፤ የብረት በሩ ግን በብየዳ ተዘግቷል። ሰውየው በሩን አስቆርጦ ሲገባ ዓይኑን ማመን ያቅተዋል። አቧራ የለበሱ 180 ያህል አሮጌ መኪኖች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ለእርሻ ብሎ በከፈለው ገንዘብ የሀብት ባለቤት ሆነ።

ይህን ታሪክ በመሥሪያ ቤቴ ለአዳዲስ የሽያጭ ሠራተኞች ሥልጠና ስሰጥ ሦስት ጊዜ ተርኬዋለሁ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። “ሰው ዕቃ ብቻ አይገዛም፤ ታሪክም ይገዛል” ለማለት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም ነበር። በሦስተኛው ሥልጠና ላይ አንዲት ሠልጣኝ እጇን አውጥታ “ሰውየው ማን ይባላል?” ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም። ማታ ቤቴ ገብቼ ማጣራት ጀመርኩ።

መኪኖቹ አሉ፤ ፎቶግራፎቹም እውነተኛ ናቸው። እርሻውን ገዝቶ ድንገት ሀብታም የሆነው ሰው ግን የለም። በገጠር ጎተራዎች ስለተገኙ መኪኖች መጻሕፍት የጻፈው አሜሪካዊው ቶም ኮተር ጉዳዩን ተከታትሎ እንዳወቀው፣ የመጋዘኑ ባለቤት ፖርቱጋላዊ የመኪና ነጋዴ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በእጁ ካለፉት መኪኖች ደስ ያሉትን ለራሱ እያስቀረ አከማቸ። መጋዘኑ ሲሞላ በሩን አስበየደው። ፎቶግራፍ አንሺውንም የቀጠረው እሱ ራሱ ነው። የተረሳም ሆነ የጠፋ ነገር አልነበረም።

ሦስት ጊዜ ያወራሁት ወሬ መሆኑን ሳውቅ ከማፈሬ በላይ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። ታሪኩ ለአድማጭ እንዲጥም ሲባል የተሰረዘው ባለቤቱ ነበር። ለእኔ ይህ ነገር ቀላል አልነበረም። በወላጆቼ ግቢ ከማንጎው ዛፍ አጠገብ በሸራ የተሸፈነች ቮልስዋገን አለች፤ ለእሷ የሽያጭ ማስታወቂያ እንድጽፍም በዚያው ሰሞን ታዝዤ ነበር። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

የአሮጌ መኪና ወዳጆች በገጠር መጋዘንና በእህል ጎተራ ለተገኘ መኪና “የጎተራ ግኝት” የሚል ስም አላቸው። ከእነዚህ ግኝቶች ዝነኛው በፈረንሳይ ምዕራብ እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የወጣው ነው። ባለቤቱ ሮዤ ባዮን የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ነበረው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሌሎች ለቁርጥራጭ ብረት የሚሸጧቸውን የቅድመ ጦርነት መኪኖች እየገዛ ሰበሰበ። ሕልሙ ሙዚየም መክፈት ነበር። በ1970ዎቹ ግን ንግዱ ተናጋና ከመኪኖቹ ከፊሉን ለመሸጥ ተገደደ። የቀሩት 60 ገደማ መኪኖች በቆርቆሮ ዳስ ሥርና በየመጋዘኑ ቆሙ። ሐረግ ወጣባቸው፤ ላሜራቸው ዛገ። ባዮን አረፈ፤ ልጁም ተከተለው። የልጅ ልጆቹ አርኩሪያል የተባለውን የፓሪስ ጨረታ ቤት ሲጠሩ፣ ባለሙያዎቹ በአሮጌ መጽሔቶች ክምር ሥር አንድ ፌራሪ አገኙ። የ1961 ሥሪት 250 ጂቲ ካሊፎርኒያ ስፓይደር ነው። ተዋናዩ አለን ደሎን ይነዳው ነበር። የግብፁ ንጉሥ ፋሩቅ የነበረ ታልቦ ላጎም ከመኪኖቹ መካከል ተገኝቷል።

በየካቲት 2015 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ሲሸጡ ፌራሪው ብቻውን ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አወጣ፤ የሁሉም ድምር 25 ሚሊዮን አለፈ። መኪኖቹ ለሕዝብ የታዩት ከነአቧራቸው ነው። በሙያዬ ዓይን ሳየው ጎበዝ ውሳኔ ነው፤ አቧራ የማይጻፍ ማስታወቂያ ነው። ነገር ግን ስለ ፌራሪው ባነበብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ሽማግሌው ነው። ከመጽሔቶቹ ሥር የቀረው የአንድ ሰው ሙዚየም ነበር።

ሌላ መጨረሻ የነበረው ታሪክ ደግሞ ከአሜሪካ ነው። ኔብራስካ ውስጥ ፒርስ በምትባል ትንሽ ከተማ ሬይ ላምብሬክትና ባለቤቱ ሚልድረድ ለ50 ዓመት የሼቭሮሌ መሸጫ ነበራቸው። ሬይ ሳይሸጡ የቀሩትን አዳዲስ መኪኖችና ደንበኞች በልውጥ የሚያመጧቸውን አሮጌዎች አስቀራቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ 500 የሚጠጉ መኪኖች ለጨረታ ሲቀርቡ በሺህ የሚቆጠር ሰው ወደ ከተማዋ ጎረፈ። አንድ የ1958 ሼቭሮሌ ፒክአፕ በዕድሜው ሁሉ የሄደው 1.3 ማይል ብቻ ነበር፤ በ140,000 ዶላር ተሸጠ። ለእኔ ከዋጋው የሚበልጠው ሬይ በሕይወት መኖሩ ነው። ዕድሜው ከ90 አልፎ ነበር፤ ቢሆንም መኪኖቹ ለምን እንደቆሙ የሚናገር ቤተሰብ ነበራቸው።

በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ዘንግቶት መኪናውን ጎተራ ውስጥ የተወ ሰው አላገኘሁም። “ነገ አሠራዋለሁ” ያለ፣ ገንዘብ ያጠረው፣ መሸጥ ያልሆነለት ሰው ነው ያገኘሁት። እርስዎም ቤት ቢሆን ይህ “ነገ” በሸራ ተሸፍኖ ይገኝ ይሆናል። መኪና ብቻ ላይሆን ይችላል፤ የልብስ ስፌት መኪና፣ የሸክላ ማጫወቻ፣ ቁልፉ የጠፋ ሳጥን።

እንግዲህ ወደ ቮልሷ። ባለፈው ክረምት አባቴ ድንገት “ሸጠን እንገላገል” አሉ። ውጭ አገር ያለችው እህቴ በስልክ አኮረፈች። ማስታወቂያውን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “ለ20 ዓመት ከሸራ ሥር ተደብቃ የኖረች፣ አንድ ባለቤት ብቻ የነዳት፣ ምንም ያልተነካካች።” ለአባቴ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለቴ አነበቡትና “ልጄ፣ ይሄ የማን መኪና ነው?” አሉኝ።

ከዚያ ቁጭ ብለው ነገሩኝ። እሳቸው ሦስተኛ ባለቤት ናቸው። የመጀመሪያው ሕንዳዊ መምህር ነበር፤ ሁለተኛው የደሴ ሰው፣ የጤና ረዳት። ሞተሩ ተቀይሯል፤ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርም የአሁኑ አይደለም። የግራ ፓራፋንጎ የተጨረመተው እናቴ መንዳት ስትለማመድ ከውጭው በር ጋር ስትጋጭ ነው። እናቴ ከማድ ቤት ሆና “በሩ ነው የመጣብኝ” አለች። የቆመችው ደግሞ ፍሬኗ ተበላሽቶ ነው፤ በዚያው ዓመት የእኛ የትምህርት ቤት ክፍያ ስለነበር ገንዘቡ ወደዚያ ሄደ። ይህን አላውቅም ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ አባቴ የሰለቹ መስሎኝ ኖሬያለሁ።

ማስታወቂያውን ቀደድኩት። በምትኩ የልጄን ደብተር ተውሼ የነገሩኝን ጻፍኩ። ቮልስዋገን በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ስለተመረተ የእኛዋ እንደ ፌራሪው ብርቅ አይደለችም። ብርቁ ነገር ታሪኳን የሚያውቀው ሰው ነው፤ አባቴ 76 ዓመታቸው ነው፤ ስም መርሳትም ጀምረዋል።

በእርስዎም ቤት የቆመ መኪና ካለ፣ ከአሮጌ መኪና ባለሙያዎች የተማርኩትን ላካፍልዎ። መጀመሪያ አይጠቡት፤ እንዳለ በየአቅጣጫው ፎቶ ያንሱት። አቧራው ላይ ያለው ምልክትና ወንበሩ ሥር የወደቀው ደረሰኝ ከታጠበ በኋላ አይመለስም። ሁለተኛ፣ በጉጉት ቁልፍ አዙረው ለማስነሳት አይሞክሩ። ለዓመታት የቆመ ቤንዚን ወደ ሙጫነት ተለውጦ ሰልባትዮውንና ካርቡሬተሩን ይዘጋል፤ የደረቀ ሞተር በግድ ሲዞር ደግሞ ውስጡ ይፋቃል። መካኒክ ካንዴላዎቹን አውጥቶ ዘይት ያንጠብጥበት፤ ሞተሩን በእጅ ቀስ አድርጎ ያዙረው። አሮጌው ቤንዚን ይቀዳ፤ አይጥ የበላው የኤሌክትሪክ ሽቦ ይታይ፤ ፍሬኑ ሳይፈተሽ መኪናው ከግቢ አይውጣ። ሦስተኛ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ። ካልገጠመ ለገዢው ይንገሩት፤ ሕጋዊ ጣጣ እንዳያመጣም አስቀድመው ያጣሩ። አራተኛውን ግን ከሁሉም በፊት ያድርጉት፦ ባለቤቱን ቁጭ አድርገው ይጠይቁ። ከማን ተገዛ? የት የት ሄደ? ለምን ቆመ? ስልክዎ ድምፅ ይቀዳ የለ? ይቅዱበት።

ቮልሷን እንሸጣት አንሸጣት ገና አልወሰንም። ከተሸጠች ደብተሩ ተገልብጦ ከሊብሬው ጋር ለገዢው ይሰጣል፤ የተቀየረው ሞተርም፣ የእናቴ በርም እዚያው ላይ አሉ። አባቴ የጤና ረዳቱን ስም ማስታወስ ስላቃታቸው ያንን መስመር ክፍት ትቼው ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ደንግጬ አነሳሁት።

“ልጄ፣ ተኝተህ ነበር?” አሉኝ። “ደብተሩን አምጣ፤ ስሙ መጣልኝ።”