ክንድና ማሰሪያው

ሰው የዕለት እንጀራውን የሚያገኘው በእጁ ስለ ሆነ፥ ቋንቋችን ስለ እጅና ስለ ክንድ የሚናገረው ብዙ ነው። ሸማውን በክንድ እንለካለን፤ ከክንድ የሚያንሰውን በስንዝር እንመጥናለን፤ የታመነ ረዳታችንን ቀኝ እጃችን እንለዋለን፤ ያሰበው የከሸፈበትን ሰው እጀ ሰባራ ሆነ እንላለን፤ እስከ ዕለተ ሞታችን ለማለት ስንፈልግም «ክንዳችንን እስክንተራስ» እንላለን። በሀብሩ ወረዳ ለሚኖር ገበሬ ይህ ሁሉ ከአነጋገር ያለፈ ነገር ነው። ዕርፍ የሚጨብጥበትና ማጭድ የሚይዝበት እጁ ከተጐዳ የቤተ ሰቡ ኑሮ አብሮ ይጐዳል።

እንግዲህ ይህን ያህል የከበረ አካል በተሰበረ ጊዜ ለማን እንደምንሰጠው፥ ከሰጠንም በኋላ እንዴት እንደምንጠባበቀው ማሰብ ይገባናል። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በገዛ ቤታችን የደረሰና እኛም በደለኞች የሆንንበት ነገር ነው።

በ1970ዎቹ ዓመታት፥ በመርሳ አጠገብ ልጅ ሳለን፥ ከአህያ ላይ ወድቀን ትከሻችን ወለቀ። አባታችን በዚያው ሰዓት ወደ አንድ ወጌሻ ወሰዱን። ወጌሻው በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። መሬት ላይ አጋደሙንና ተረከዛቸውን ከብብታችን ሥር አድርገው ክንዳችንን በዝግታ፥ ሳያቋርጡ ጎተቱት። ትከሻችን ጧ ብሎ ወደ ቦታው ሲመለስ ያ ሁሉ ሕመም በቅጽበት ለቀቀን። ካደግን በኋላ ስናነብ፥ በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት ጥንታውያን የግሪክ የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ይኸው ተረከዝን ከብብት አግብቶ የመጎተት ዘዴ ከ2300 ዓመት በፊት ተጽፎ አገኘነው። ፊደል ያልቈጠሩት ሽማግሌ የግሪኩን ዘዴ ከአባታቸው እጅ ተቀብለውት ኖረዋልና እጅግ አደነቅን። በወጌሻ ላይ የነበረን እምነትም ከቀድሞው ይልቅ ጸና። ይህም እምነት የእኛ ብቻ አይደለም፤ በወልድያ ስታዲየም ተጫዋች በወደቀ ጊዜ የሕክምና ቦርሳውን ይዞ ወደ ሜዳ የሚሮጠውን ሰው ተመልካቹ ዛሬም የሚጠራው ወጌሻ ብሎ ነው።

በግንቦት ወር 2009 ዓ.ም. የ10 ዓመት ልጅ የነበረው የእኅታችን ልጅ መርሳ ውስጥ ከማንጎ ዛፍ ላይ ወደቀ። ሲወድቅ ቀኝ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ስለ ተመረኰዘ ከክርኑ ከፍ ብሎ ያለው አጥንት ተሰበረ። እናቱ «ወልድያ ሆስፒታል እናድርሰው» አለች። ወልድያ ከመርሳ የምትርቀው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪናም በየሰዓቱ ያልፋል፤ ስለዚህ የመንገዱ ርቀት አላገደንም። ያገደን የራሳችን ቃል ነው። «የእኛን ትከሻ ያቃና ቤት እያለ ሆስፒታል ምን ያስኬዳል?» አልናት። በቤተ ሰቡ ዘንድ ታላቅ እኛ ስለ ሆንን እኅታችን ዝም አለች። ሽማግሌው ዐርፈው ነበርና ልጁን ሙያውን ወደ ወረሱት ወደ ልጃቸው ወሰድነው።

ወጌሻው ክንዱን ጎትተው አቃኑትና ዙሪያውን በቀርከሃ ስንጣሪ ደግፈው በጨርቅ ጠበቅ አድርገው አሰሩት። ማታ ልጁ እጅግ አለቀሰ። «ወንድ ልጅ አይደለህምን? ቻለው!» አልነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ልቅሶውን ሲተው ተሻለው ብለን ደስ አለን። ሊነጋ ሲል ግን ጠራንና «ጋሼ፥ ጣቶቼ የሉም» አለን። በባትሪ ብርሃን ስናይ ጣቶቹ አብጠው ጠቍረዋል፤ ስንነካቸውም እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዘዋል። በዚህ ጊዜ እናቱ ማንንም ሳትጠይቅ ቢላዋ አንሥታ ማሰሪያውን ቀደደችው። ወዲያውም መኪና ፈልገን በስሪንቃ በኩል ወደ ወልድያ አደረስነው። ሐኪሞቹም ሳይዘገዩ ክንዱን በቀዶ ሕክምና ከፍተው የታፈነውን ሥጋ አስተነፈሱለት።

በኋላ አንድ ሐኪም ነገሩን በዝርዝር አስረዱን። ጣቶቻችንን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ትልልቆቹ ጡንቻዎች የሚገኙት ከክርን በታች ባለው ክንድ ውስጥ ነው፤ ከጣቶቹ ጋር የሚያገናኛቸው ረጃጅም ጅማት ነው። እነዚህ ጡንቻዎች በማይለጠጥ ጠንካራ ሽፋን ተጠቅልለው ይኖራሉ። አጥንት በተሰበረ ጊዜ እብጠቱ ወዲያው አያበቃም፤ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀኖች እየጨመረ ይሄዳል። ጠዋት ልክ የነበረው ማሰሪያ ማታ የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው። እብጠቱ ወደ ውጭ መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይጫናል፤ በደቃቃዎቹ ሥሮች የሚሄደውንም ደም ያግዳል። ይህ ግፊት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ከቈየ ጡንቻው መሞት ይጀምራል። የሞተው ጡንቻ እየተኰማተረ ሲደርቅ ጅማቱን ይስባል፤ ጣቶቹም ታጥፈው ይቀራሉ። ይህን የእጅ ጉዳት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1881 ዓ.ም. የገለጸው ሪቻርድ ፎን ፎልክማን የተባለው ጀርመናዊ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ሲሆን እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የባሰ እንደ ሆነም እጁ በሙሉ ይሞትና የሰውየውን ሕይወት ለማዳን ሲባል ይቈረጣል።

እኅታችን ፈጥና ማሰሪያውን ስለ ቀደደችው የልጁ እጅ ከመቈረጥ ዳነ። ሆኖም ሦስት ጣቶቹ እንደ ታጠፉ ቀሩ። «ቻለው» ያልነው ሕመም የጡንቻው የእርዳታ ጥሪ እንደ ነበረ፥ ዝምታውም የተሻለው ሳይሆን ነርቩ የደነዘዘ መሆኑን ያወቅነው ካለፈ በኋላ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ወጌሻው ሄደን የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው። ለመክሰስ አልሄድንም፤ ልጁን ይዘን የሄድነው እኛ ነበርንና። ራሳቸውን ይዘው ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፥ «አባቴ ያስተማሩኝ ጠብቆ የታሰረ ይጠናል ብለው ነው፤ የሚፈታበትን ሰዓት ግን ያስተማረኝ የለም» አሉን። ከሰማነው ሁሉ ይህ ቃል በልባችን ቀረ።

ወጌሻን እንተው ብንል ሕዝቡ አይተወውም፤ በየቀበሌው የአጥንት ሐኪም ይኑር ብንልም ልዩ ሐኪም የሚሠለጥነው በብዙ ዓመታት ትምህርት ነው። የሚፈታበትን ሰዓት ማስተማር ግን ይቻላል። በ1997 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሚታተም የአጥንት ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ለዚህ ምስክር ነው። ባገራችን በአንድ የገጠር ሆስፒታል አካባቢ ለሚሠሩ ወጌሾች የአንድ ቀን ትምህርት ቢሰጣቸው፥ አካላቸው ሞቶ የሚቈረጡት ሕሙማን ቍጥር መቀነሱን ጥናቱ ያስረዳል። አንድ ቀን ከአንድ የገበያ ቀን አይበልጥም። ስለዚህ የጤና ሹማምንት ወጌሾችን እንደ ባላንጣ ሳያዩ ጠርተው ቢያስተምሯቸው መልካም ነው።

መምህራንና ተማሪዎችም ልብ የሚሉት ነገር አለ። የታሰረ ክንድ ያለው ልጅ ባያችሁ ጊዜ ጣቶቹን ተመልከቱ። ሕመሙ እየበረታ ከሄደ፥ ጣቶቹን ቀስ አድርጋችሁ ስትዘረጉለት ከጮኸ፥ ከገረጡ ወይም ከጠቈሩ፥ ከቀዘቀዙ፥ ከደነዘዙ ወይም አልንቀሳቀስ ካሉ ማሰሪያው ሳይውል ሳያድር ይፈታ፤ ልጁም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይድረስ። የእጁ ትርታ መኖሩ ብቻ አያዘናጋችሁ፤ ትርታው እያለም ጡንቻው ሊሞት ይችላልና።

የእኅታችን ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሊሆን ደርሷል፤ በግራ እጁ መጻፍን ተምሯል። እንደ አገራችን ሥርዓት ታላቅ ሰው ሲጨብጥ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ ጐንበስ ይላል። የሚያዩት ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ይላሉ። ጨዋነቱ እርግጥ ነው። ነገር ግን ያ ክንድ ድጋፍ የሚሻ መሆኑን እኛ እናውቃለን፤ እጁንም በጨበጥን ቍጥር ያቺ ሌሊት ትታወሰናለች።