ሰባብሮም ቢሆን ይናገር

አንድ ሰው በሙያው አናት ላይ ተቀምጦ ሳለ ጓዙን ጠቅልሎ ከአገሩ ሲወጣ «ምን ጎደለበት?» ማለታችን አይቀርም። እንግሊዛዊው የመድረክና የፊልም አዘጋጅ ፒተር ብሩክ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ስሙ ከእኛው ብሩክ ጋር ቢገጥምም ዝምድና የላቸውም። እኔ ግን ስለ ስደትና ስለ ቋንቋ ባሰብኩ ቁጥር ይህ ሰው ትዝ ይለኛል፤ ምክንያቱን ላጫውታችሁ።

ብሩክ ከላትቪያ ከፈለሱ አይሁዳውያን ወላጆች እ.ኤ.አ. በ1925 ለንደን ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ21 ዓመቱ በሼክስፒር የትውልድ ከተማ በስትራትፎርድ ተውኔት አዘጋጀ። በ1955 ሎረንስ ኦሊቪዬን በ«ታይተስ አንድሮኒከስ»፣ በ1962 ፖል ስኮፊልድን በ«ኪንግ ሊር» አሠራ። በፊልሙም በኩል በ1963 «ሎርድ ኦቭ ዘ ፍላይስ»ን፣ ሰው በሌለበት ደሴት ብቻቸውን የቀሩ ልጆችን ታሪክ፣ ለሲኒማ አበቃ። በ1970 «ሚድሰመር ናይትስ ድሪም»ን ዛፍ በሌለበት ነጭ ሣጥን መሳይ መድረክ ውስጥ፣ ተዋናዮቹን እንደ ሰርከስ ሠራተኛ ዥዋዥዌ ላይ አውጥቶ ሲያቀርብ ተመልካቹ ጉድ አለ።

ወደ ፓሪስ የሄደው በዚያው ዓመት ነው። እዚያም ከየአህጉሩ የመጡ፣ የጋራ ቋንቋ የሌላቸውን ተዋናዮች ሰበሰበ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ቃል ካላግባባን ምን ያግባባናል? በ1972 መጨረሻ ይህንኑ ይዘው ከአልጀርስ ተነሡና የሰሃራን በረሃ አቋርጠው እስከ ናይጄሪያና ማሊ ዘለቁ። ዛሬ ዓለም የሚያውቃት ሄለን ሚረን ከተጓዦቹ አንዷ ነበረች። በየመንደሩ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ሰው ዙሪያውን ይቀመጣል፤ ጨዋታው ይጀመራል። አንድ ጊዜ ምንጣፉ መካከል ጥንድ ጫማ አኖሩና ትዕይንቱን ከዚያ አስነሡ። የጫማን ነገር ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻም።

በ1974 ደግሞ በፓሪስ ሰሜን፣ ለሃያ ዓመታት ያህል ተዘግቶ የኖረውን ቡፍ ዱ ኖር የተባለ ቴአትር ቤት ከፈተ። የተላላጠውን ግድግዳ አላስቀባውም፤ እንዳለ ተወው። ከዚህ ቤት ከወጡት ሥራዎች ዝነኛው በ1985 በአቪኞን አቅራቢያ በድንጋይ ካባ ውስጥ የታየው፣ ዘጠኝ ሰዓት የሚፈጀው የሕንዶች ታላቅ ተረክ «ማሃባራታ» ነው። ሩስቶም ባሩቻን የመሰሉ ሕንዳውያን ሐያስያን «ታሪካችንን ከሥሩ ነቅሎ ወሰደው» ሲሉ አምርረው ተችተውታል፤ ትችቱም ቀላል አይደለም።

የዚህን ሥራ የ1989 ፊልም ሳይ መጀመሪያ ጆሮዬ ተቸገረ። እንግሊዝኛውን አንዱ በጃፓን፣ አንዱ በምዕራብ አፍሪካ፣ አንዱ በፖላንድ ለዛ ይናገረዋል። ማሊ የተወለደውና ታሪክን በቃል ከሚያወርሱ፣ አዝማሪዎቻችንን ከሚመስሉ ቤተሰቦች የወጣው ሶቲጊ ኩያቴ ቢሽማን ሆኖ ሲናገር ግን ለዛው ተረሳኝ፤ የሰማሁት ሽማግሌውን ብቻ ነበር። ብሩክ ያንን አነጋገር አላረመውም። እንደ ግድግዳው ሁሉ እንዳለ ተወው።

በእርግጥ ብሩክ ከነስሙና ከነክብሩ፣ ወድዶ የወጣ ሰው ነው። ከእኛ ብዙዎቻችን እንዲያ አልወጣንም። በሰው አገር ስብሰባ ላይ አንዲት ዐረፍተ ነገር በልቡ ሦስት ጊዜ አሰናድቶ፣ ሳይናገራት ወደ ቤቱ የሚመለሰውን ወገን ሁላችንም እናውቀዋለን። እንዲያ ያደረገው የሰው ሣቅ ነው።

ታዲያ ያንኑ ሣቅ በልጆቻችን ላይ ለምን እናወርዳለን? የእንቁጣጣሽ ዝግጅታችንን ተመልከቱ። አማርኛ የሚቀናው ልጅ ተውኔቱ ውስጥ ይናገራል፤ እዚሁ የተወለደው አበባ ይዞ ይቆማል ወይም እስክስታ ይመታል። «ጠጅ» ለማለት «ተጅ» ያለች አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ አዳራሹ ሙሉ ሲሥቅባት አይቻለሁ። በሚቀጥለው ዓመት «ትሠሪያለሽ ወይ?» ስትባል «አማርኛ አልችልም» አለች፤ ያለችውም በእንግሊዝኛ ነው። የሣቁባት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ልጅቱ ጣፍጣቸው ነው። ግን ቋንቋውን ከአፏ ነጠቋት።

ብሩክ ሐምሌ 2 ቀን 2022 በ97 ዓመቱ በፓሪስ አረፈ። እኔ ከሥራው የምወስደው ትንሽ ነገር ነው። ለመጪው እንቁጣጣሽ ተውኔት የምታዘጋጁ ወላጆችና መምህራን፣ እባካችሁ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ አማርኛው ለሚሰናከለውም ቢሆን፣ አንዳንድ ዐረፍተ ነገር ስጡት። እኛ ታዳሚዎቹ ደግሞ ተናግሮ እስኪጨርስ ዝም ብለን እንስማው።