መብራቱ ጠፋ

እኛ ሰፈር «መብራት ጠፋ» ከተባለ ነገር ተበላሸ ማለት ነው። ሊጡ ቦክቶ ምጣድ ይጠብቃል፣ ፍሪጅ ያለው ስለ ሥጋው ያስባል። ዛሬ የማወጋችሁ ግን መብራት ስለጠፋ ሰዎች እፎይ ስላሉበት ሌሊት ነው። ቦታው አሜሪካ፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ስሪ ማይል አይላንድ የሚባል የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት።

እኔ የኒውክሌር ሰው አይደለሁም። ነገሩን ያመጣብኝ የእህቴ ልጅ ነው። ፊዚክስ ተምሮ ጨርሶ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ አውሮፓ ሊሄድ ሲነሳ ምን እንደሚያጠና ጠየቅሁት። «ሪአክተር እንዴት እንደሚበላሽ» አለኝ። እንዴ! ሰው ለብልሽት ይማራል?

«ጋሼ፣ ረመጥ ያውቁ የለ?» አለ። «እሳቱ ጠፋ ብለው አመድ ሲያለብሱት ውስጥ ውስጡን ይነድዳል። ሪአክተርም እንደዚያ ነው፤ አጠፋነው ስንል አይጠፋም።»

ቁጥሩን ሲነግረኝ ደነገጥኩ። 3,000 ሜጋ ዋት ሙቀት የሚሰጥ ሪአክተር በቆመበት ቅጽበት 7 በመቶው፣ ማለትም 200 ሜጋ ዋት ያህል፣ ከነዳጁ መውጣቱን አያቆምም። ግልገል ጊቤ አንድ በሙሉ አቅሙ 184 ነው። (አንዱ ሙቀት ሌላው ኤሌክትሪክ ስለሆነ ማወዳደሩ ልክ አይደለም የምትሉ አላችሁ፤ መጠኑን እንድትገምቱት ብዬ ነው።) ሙቀቱ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ እስከዚያው ግን ውኃ ካላገኘ ራሱን ያቀልጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 ፉኩሺማ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሪአክተሮቹ በመሬት መንቀጥቀጡ ጊዜ በሥርዓቱ ቆመው ነበር። ሱናሚው መጥቶ ጄኔሬተሮቹን ሲያጠፋ ሦስቱን ያቀለጣቸው ረመጡ ነው።

ወደዚያ ሌሊት ልመለስ። ውኃ የሚገፉት ፓምፖች ቆሙ፣ ግፊት ጨመረ፣ ማስተንፈሻው ቫልቭ ተከፈተ፣ ሪአክተሩም በራሱ ጊዜ ቆመ። እስከዚህ ሁሉም ደህና ነው። ቫልቩ በሰከንዶች ውስጥ መልሶ መዘጋት ነበረበት፤ አልተዘጋም። በመቆጣጠሪያው ክፍል ያለችው አምፖል ግን ጠፋች፤ ተረኞቹም ተዘጋ ብለው ተረዱ። አምፖሏ የምትናገረው እኮ «ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ መተላለፉን ብቻ ነው፤ ቫልቩ ይታዘዝ አይታዘዝ አታውቅም።

ይህቺን አምፖል ቢሮ የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃታል። «ደብዳቤዎ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» የምትባለዋ ናት።

ሌላው መለኪያ ደግሞ ውኃው ሞልቷል ስላለ ተረኞቹ በድንገተኛው መስመር የሚገባውን ውኃ ቀነሱት። ቫልቩ 2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ አፉን ከፍቶ ቆየ። የሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀለጠ። ደግነቱ የብረት ጋኑ ቻለው፤ ወደ ውጭ የወጣውም ጨረር ጥቂት ነበር። ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ በዓይን የታየው እ.ኤ.አ. በ1982 ካሜራ ወደ ውስጥ ሲወርድ ነው። እስከዚያ ድረስ ያን ያህል አልተጎዳም የሚሉ ብዙ ነበሩ።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1977 ኦሃዮ ውስጥ ዴቪስ ቤሲ በሚባለው ማመንጫ እንዲሁ ቫልቩ ተከፍቶ ቀርቶ፣ ተረኞቹም ውኃውን ቀንሰው ነበር። ሪአክተሩ በ9 በመቶ ኃይል ብቻ ይሠራ ስለነበር፣ ቫልቩም ወደ 20 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ስለተነቃበት ተረፈ። በርት ደን የተባለ የሪአክተሩ አምራች ኩባንያ መሐንዲስ ይህን መርምሮ በፌብሩዋሪ 1978 ለአለቆቹ ማስታወሻ ጻፈ። በሙሉ ኃይል ቢሆን ኖሮ ነዳጁ ሊጎዳ ይችል ነበር፤ ለተረኞች ሁሉ ውኃውን መቼ መቀነስ እንደሌለባቸው መመሪያ ይተላለፍ አለ። ማስታወሻው ከክፍል ወደ ክፍል ዞረ፤ አንዱ ክፍል ጥያቄ አነሳ፣ መልስ ሳያገኝ ከረመ። ከ13 ወር በኋላ ያ ሌሊት ሲመጣ መመሪያው አልተላለፈም ነበር።

ትልቁን ቧንቧ ፍንዳታ ብቻ አትፍሩ፣ ትንሿ ፍሳሽና የሰው ስህተት ይብሳሉ የሚል ጥናትም ከ1975 ጀምሮ ነበር፤ የኤም አይ ቲው ፕሮፌሰር ኖርማን ራስሙሰን የመራው ነው።

ልጁ የሚቀናባቸው ሰዎች ደግሞ ሌሎች ናቸው። ደቡብ ፈረንሳይ፣ ካዳራሽ ላይ ፌቡስ በተባለች ትንሽ ሪአክተር ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 2004 አምስት ጊዜ እውነተኛ ነዳጅ ሆን ብለው አበላሽተዋል። ምን ሲሞቅ ምን እንደሚወጣ ለማየት ነው። በአሥራ አንድ ዓመት አምስት ሙከራ! ነዳጁ ከጠበቁት ባነሰ ሙቀት መፍረስ እንደሚጀምር ያወቁት በዚህ ነው።

«መልካም፣ ይህን ሁሉ ደክመህ ትጽፋለህ» አልኩት። «ባያነቡትስ?»

ትንሽ አሰበ። «ስልክ እደውላለሁ።»

«ባያነሱስ?»

«ቢሯቸው በር ላይ እቆማለሁ፣ ጋሼ።»

እህቴ ጀበናውን ይዛ እየመጣች ነበር። «እዚያ ብርድ ነው አሉ» አለች፤ «ወፍራም ኮት ግዙለት።»