የላስቲክ ቢላ

በየወጣት ማዕከሉ የማርሻል አርት ትርኢት ሲቀርብ ጭብጨባው የሚደምቅበት ቦታ ይታወቃል። አንዱ ሠልጣኝ የላስቲክ ቢላ ጨብጦ ይመጣል፤ ክንዱን እስከ ጫፍ ዘርግቶ አንድ ጊዜ ይወጋል፤ እጁንም እዚያው አየር ላይ ትቶ ይጠብቃል። ጥቁር ቀበቶ የታጠቀው ጓደኛው አንጓውን ይይዛል፣ ይጠመዝዛል፣ ይጥለዋል፣ ቢላውንም ይቀማል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ያ አየር ላይ የቀረው እጅ ነው። ሊገድል የመጣ ሰው እጁን ዘርግቶ አይጠብቅም። ወግቶ ይመልሳል፤ ደግሞ ይወጋል፤ በባዶ እጁ ኮሌታ አንቆ ወደ ራሱ ይጎትታል። ከፊት ተቀምጠው የሚያዩት ሕፃናት ግን ቤታቸው ይዘውት የሚገቡት ነገር አንድ ነው፤ ቢላ በእጅ ይቀማል። ይህን አምነው ሲያድጉ ነው የምፈራላቸው።

*

የምጠራጠረው ያለ ምክንያት የሚመስለው ሰው ነጭ ከነቴራ ይልበስና ለጓደኛው ቀይ ማርከር ይስጠው። ጓደኛው መተባበሩን ትቶ የምሩን ይምጣበት፤ በፈለገው አቅጣጫ፣ በፈለገው ፍጥነት። ጠንቃቃ የሆኑ ክለቦች ይህን ልምምድ ያሠራሉ። ጥቂት ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ ከነቴራውን አውልቆ ማየት ነው፤ ሆድ ላይ፣ ብብት ሥር፣ አንገትጌው ዙሪያ። ክንድና መዳፍም እንዲሁ ቀልመው ይገኛሉ። ዓመታት የሠለጠነ ሰው ላይ እንኳ ቀዩ መስመር አይጠፋም፤ የሚለየው ብዛቱና ቦታው ነው።

ሥልጠና ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። የሠለጠነ ሰው እጁን ቀድሞ ያነሳል፤ ሲገፈተር ቶሎ አይወድቅም፤ ቢወድቅም መነሳት ያውቃል፤ ሲደነግጥ ፈዞ አይቀርም። ይህ ሁሉ ነፍስ ሊያተርፍ ይችላል። ሳልቆረጥ እወጣለሁ ብሎ የሚገባ ግን ገና ከጅምሩ ተሳስቷል። እውነቱን የሚናገር አሠልጣኝ ይህን በመጀመሪያው ቀን ይናገራል፤ ሠልጣኝ ይቀንስብኛል ብሎም አይደብቅም።

*

ዌልሳዊው የአስከሬን ምርመራ ሐኪም በርናርድ ናይት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስለ ስለት ቁስል ያጠኑት ነገር ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። ከአጥንት በቀር የሰውን ገላ ለመውጋት ትልቁ መሰናክል ቆዳ ነው፤ ሹሉ ጫፍ ቆዳን አንዴ ካለፈ ቀሪው ብዙ ኃይል አይጠይቅም። ወሳኙ የጫፉ ሹልነት እንጂ የወጊው ጡንቻ አይደለም። በቡጢ ጠብ ክብደትም ቁመትም ዋጋ አላቸው። ቢላ ሲወጣ ግን «እሱ እኮ ቀጫጫ ልጅ ነው» የሚለው ግምት ሰው ይገድላል።

*

ከጥቃት የተረፉ ብዙዎች ደጋግመው የሚናገሩት አንድ ነገር አለ፤ በቡጢ የተመቱ መስሏቸው ነበር። መወጋታቸውን ያወቁት ደሙን ሲያዩ ነው። ቢላውን ጨርሶ ያላዩም አሉ። የሥልጠናው ሁሉ መነሻ ግን ቢላው መታየቱ ነው፤ «ሲያወጣ እንዲህ ታደርጋለህ» ተብሎ ይጀመራል። ሳያሳይ ለሚያወጣው የተዘጋጀ ትምህርት የለም ማለት ይቻላል።

*

በአሜሪካ ፖሊሶች ዘንድ «የ21 ጫማ ሕግ» የሚሉት ነገር አለ። መነሻው ዴኒስ ቱለር የተባሉ የሳልት ሌክ ሲቲ ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፉት ጽሑፍ ነው። ጥያቄያቸው፣ ስለት የያዘ ሰው ምን ያህል ቢርቅ ነው አደጋው የሚቀለው? የሚል ነበር። ሰዎችን እያስሮጡ ሲለኩ አንድ ጤነኛ ሰው 21 ጫማን፣ ማለትም 6.4 ሜትር ያህል፣ በ1.5 ሰከንድ ግድም እንደሚያቋርጥ አዩ። የሠለጠነ ፖሊስ ሽጉጡን ከወገቡ አውጥቶ ለመተኮስ የሚፈጅበትም ያንኑ ያህል ነው። እንግዲህ ሽጉጥ የታጠቀ፣ በየጊዜው የሚለማመድ ሰው በስድስት ሜትር ላይ ከተጨነቀ፣ ባዶ እጁን በአንድ ክንድ ርቀት ለሚቆም የማታ ክፍል ሠልጣኝ ምን ቃል ይገባለታል?

የጽሑፉ ኋላ ታሪክ ደግሞ ያሳዝናል። ማስጠንቀቂያ የነበረው ርቀት በብዙ ማሠልጠኛዎች ወደ ፈቃድ ተለወጠ፤ ከዚያ መስመር ያለፈን ሰው መተኮስ እንደ ልክ ተቆጠረ። አእምሯቸው የታመመ፣ ከቤታቸው ደጃፍ ቢላ ይዘው የወጡ ሰዎች በዚህ ስሌት ሞተዋል። ቱለር ራሳቸው እንዲህ ያለ ሕግ እንዳላወጡ ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ ፖሊስ አመራሮች የምርምር መድረክ ባወጣው መመሪያም ፖሊሶች ይህን አስተሳሰብ ትተው ወደ ኋላ እንዲሉ፣ ከለላ እንዲይዙ፣ ሰውየውን እንዲያናግሩ መከረ። በ1983 ከተለካው ነገር ውስጥ የሚጠቅመውም ይኸው ነበር፤ ራቅ በል።

*

ጁን 3 ቀን 2017 ምሽት ለንደን ብሪጅ ላይ ሦስት ሰዎች መንገደኞችን በመኪና ገጩ፤ ከዚያ ወርደው በቦሮ ማርኬት ያገኙትን ሁሉ በ12 ኢንች የወጥ ቤት ቢላ ወጉ። 8 ሰዎች ሞቱ። የባቡር ፖሊሱ ዌይን ማርክስ ዱላውን ብቻ ይዞ ሦስቱንም ገጠመ፤ ክፉኛ ተወግቶ ተረፈ። ስፔናዊው ኢግናሲዮ ኤቼቬሪያ አጥቂዎቹን በስኬትቦርዱ እየመታ ሌሎችን ሊያድን ሲል ተገደለ። ሁለቱም የጆርጅ ሜዳሊያ ተሰጥቷቸዋል። ጀግንነታቸውን ማንም አይነካባቸውም።

ከዚያች ሌሊት መነገር ያለበት ሌላም አለ። የምግብ ቤትና የመጠጥ ቤት ሠራተኞች በር ዘጉ፣ ጠረጴዛ አስደገፉ፣ ወንበርና ጠርሙስ ወረወሩ። ከዚያ በር ጀርባ የዳኑት ሰዎች ስም የትም አልተጻፈም፤ ስላልሞቱ። የእንግሊዝ ፖሊስ ለሕዝቡ የሚሰጠው ምክር ሦስት ቃል ነው፤ ሩጡ፣ ተደበቁ፣ ተናገሩ። «ታገሉ» የሚል የለበትም። አሜሪካኖቹ «ታገሉ»ን ጨምረውታል፤ እነሱም ቢሆኑ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ብለው በመጨረሻ ያስቀመጡት ነው።

*

እኛ ዘንድ ለወንድ ልጅ «ሩጥ» ማለት ይከብዳል። ፉከራውም ቀረርቶውም ያሳደገን ጀርባ የሰጠ ሰው ስሙ ለልጅ ልጁ እንደሚተርፍ እየነገረ ነው። ያ ጦር ሜዳ ላይ ትርጉም ነበረው፤ የሚሸሽ ሰው ወንድሙን አጋልጦ ነበርና የሚሸሸው። ማታ ከሥራ ሲመለስ ስልኩን ሊቀሙት ቢላ ያወጡበት ወጣት ግን የሚያጋልጠው ወንድም የለውም። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን «አልሰጥም ብሎ እኮ ነው፣ ኮስታራ ልጅ ነበር» ስንባባል ሰምቻለሁ፤ ደሜ ይፈላል። ይህን የሚሰሙ ታናናሾች እዚያው ሻይ እያቀረቡ ናቸው። «ከመሞት መሰንበት» የሚል አባባል እያለን ለምንድን ነው በሹክሹክታ የምንለው? አባት ልጁን ቁጭ አድርጎ «ስልኩን ስጥ፣ ጫማውንም ከጠየቁህ ስጥ፣ ሮጠህ ብትገባ እኮራብሃለሁ» ሊለው ይገባል። ካልነገረው ልጁ የሚያውቀው ፉከራውን ብቻ ነው።

*

ጁን 8 ቀን 2001 ኦሳካ አጠገብ በምትገኘው ኢኬዳ አንድ ሰው የወጥ ቤት ቢላ ይዞ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባና 8 ሕፃናት ገደለ። ከዚያ ወዲህ በጃፓን ትምህርት ቤቶች ሳሱማታ የሚሉት መሣሪያ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። ጫፉ ባላ የሆነ ረጅም ዘንግ ነው፤ በኤዶ ዘመን የከተማ ጠባቂዎች ወንጀለኛን ከግድግዳ ወይም ከመሬት ጋር አጣብቀው ለመያዝ ይጠቀሙበት ነበር። የካራቴና የጁዶ አገር መምህሮቿን ቢላ በእጅ መቀማትን ከማስተማር ይልቅ ረጅም ዘንግ ሰጠቻቸው። የሚሰጠውም ማሳሰቢያ ትክክል ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢይዘው አጥቂው ዘንጉን ሊነጥቅ ይችላል፣ ሁለት ሦስት ሆኖ መያዝ ነው፣ እሱም ልጆቹ እስኪወጡና ፖሊስ እስኪደርስ። የገጠሩ ሰዋችን ከዱላው ሳይለይ መንገድ የሚወጣው ያለ ነገር አይደለም፤ ዱላ ርቀት ይሰጣል።

*

ብዙ ትርኢቶች የሚያልቁት ተከላካዩ የቀማውን ቢላ መልሶ አጥቂው ላይ ሲሰካ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን መከላከል የሚፈቅደው ጥቃቱ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ በተመጣጣኝ መንገድ ነው። ቢላው ከተወሰደ፣ ሰውየውም መሬት ላይ ከተዘረረ በኋላ የሚሰነዘረው መውጋት በአብዛኛው አዲስ ወንጀል ነው። አሠልጣኙ ሲያስጨበጭብበት ለሠልጣኙ የእስር ቤት መንገድ እያስተማረው እንደሆነ አስቦ ይሆን?

*

እ.ኤ.አ. በ2015 መገባደጃ በእስራኤል የቢላ ጥቃት በዛ። የኢየሩሳሌም ከንቲባ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ያላቸው ሁሉ ታጥቀው እንዲወጡ ጠየቁ። ኦክቶበር 18 ቀን በቤርሼባ አውቶቡስ ጣቢያ ሽጉጥና ቢላ የያዘ ሰው ጥቃት ሲያደርስ፣ ኤርትራዊው ስደተኛ ሀብቶም ዘርሆም ከሌሎቹ ጋር ነፍሱን ሊያድን ይሮጥ ነበር። የጥበቃ ሠራተኛው ሁለተኛ አጥቂ መስሎት ተኮሰበት፤ ወድቆ ደሙ እየፈሰሰ ሳለ ሰዎች በእግራቸው መቱት፣ ወንበር ጣሉበት። ሞተ። ትክክለኛውን ነገር ያደረገ ሰው ነበር፤ ሮጠ፣ ጎንበስ አለ። መልኩ ግን በሚፈሩት ዓይን ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ። ሕዝብን ንቁ ሁን፣ ተዘጋጅ፣ ቅደም እያሉ የሚያሠለጥኑ ሁሉ ስለ እሱ ማስተማር አለባቸው። እዚያ ላሉ ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶችም ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

*

ሥልጠናው የሚስለው አጥቂ ከጨለማ የሚወጣ የማይታወቅ ሰው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በየዓመቱ የሚያወጣው ሪፖርት ደግሞ በዓለም ከሚገደሉ ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባል፣ በፍቅረኛ ወይም በቤተሰብ አባል እጅ እንደሚሞቱ ያሳያል። አንዲት ሴት የእጅ መጠምዘዝ ብትማር፣ ቢላው ያለው መክተፊያው አጠገብ፣ የያዘውም የልጆቿ አባት ነው። ለእሷ የሚበጀው ትምህርት መቼ መውጣት፣ የት ማደር፣ ለማን መንገር እንዳለባት ነው። ጎረቤቶች «የባልና ሚስት ነው» ብለን በር ስንዘጋባት የትኛውም ቀበቶ አያድናትም።

*

እ.ኤ.አ. በ2005 ሦስት የለንደን ድንገተኛ ክፍል ሐኪሞች በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ሐሳብ አቀረቡ፤ ረጅምና ሹል ጫፍ ያለው የወጥ ቤት ቢላ መሸጡ ይቅር። ሙያተኛ ወጥ ሠሪዎችን ጠይቀው ሹሉ ጫፍ ለምግብ ሥራ ግድ አለመሆኑን ሰምተው ነበር። ብዙ ሰው ሳቀባቸው። የተወጋ ሲሰፉ የሚያድሩ ሰዎች ያዩት ነገር ግን ትክክል ነበር፤ በንዴት የተነሳ እጅ የሚያገኘው ቅርቡን ነው፣ ጫፉ ደንዳና ቢሆን ብዙው ቁስል ጥልቀት ባልኖረው። ሐሳቡ አሁንም ምላሽ ይጠብቃል።

*

ደራሲው ሳልማን ሩሽዲ ኦገስት 12 ቀን 2022 በአሜሪካ፣ ቻታኳ መድረክ ላይ ሲወጉ የ75 ዓመት ሰው ነበሩ። በጻፉት መጽሐፍ ጥቃቱ 27 ሰከንድ መቆየቱን ይናገራሉ፤ ለምን አልታገልኩም፣ ለምን አልሸሸሁም እያሉ ራሳቸውን ይጠይቃሉ። ቀኝ ዓይናቸው ጠፋ፤ ሊከላከሉበት ያነሱት ግራ እጃቸው ክፉኛ ተቆረጠ። ያዳናቸው አጥቂው ላይ ተረባርበው የወደቁበት ሰዎች ናቸው፤ ሌላው በአንገታቸው ቁስል ላይ አውራ ጣቱን ጭኖ ደሙን ያቆመው ሰው ነው።

ያ አውራ ጣት ከማንኛውም የእጅ መጠምዘዝ ይበልጥ ሊጠና ይገባዋል። ትልቅ የደም ቧንቧ ሲበጠስ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል፤ አምቡላንስ እስኪመጣ አይጠብቅም። ማድረግ የሚቻለው ደግሞ ማንም የሚችለው ነው። ንጹሕ ጨርቅ፣ ካልተገኘ ነጠላም ከነቴራም፣ ቁስሉ ላይ አድርጎ በሙሉ ክብደት መጫን። ቆመ ወይ ብሎ ደጋግሞ አለማንሳት። ጨርቁ ከረጠበ ሌላ መደረብ። ክንድ ወይም እግር ከሆነና ካልቆመ ከቁስሉ በላይ ጠበቅ አድርጎ ማሰር። የተሰካ ቢላ ካለ አለመንቀል። ኤፕሪል 13 ቀን 2024 ሲድኒ ቦንዳይ ጃንክሽን የገበያ ማዕከል 6 ሰዎች ሲገደሉ፣ የተወጋች እናት ሕፃኗን ለማታውቃቸው ሰዎች አቀበለች። እነሱም ከሱቅ ልብስ አንስተው የሕፃኗን ደም አፍነው ያዙ። እናቲቱ ሞተች፤ ሕፃኗ ተረፈች።

ብዙ ወጣቶች ደግሞ «ጭኑን ብወጋው አይሞትም» ብለው ያምናሉ። በጭን ውስጥ የሚያልፈው ደም ቅዳ ከሰውነት ትልልቆቹ አንዱ ነው።

*

የስኮትላንዷ ግላስጎ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓ የነፍስ ግድያ መዲና ተብላ ስትጠራ ነበር። በ2005 ፖሊሱ ጆን ካርኖካንና ተንታኟ ካሪን ማክላስኪ ጥቃትን እንደ ተላላፊ በሽታ የሚያይ ክፍል አቋቋሙ፤ ከማን ወደ ማን ይጋባል፣ የት ላይ ይቆረጣል እያሉ። የወሮበላ ቡድን አባላትን ሰብስበው ልጆቻቸውን ካጡ እናቶች ጋር አገናኟቸው፤ ለሚተው ሥራና ትምህርት አዘጋጁ፤ ለማይተው እስሩን አጠበቁ። በ2008 ደግሞ የተተለተለ ፊት መስፋት ያታከታቸው ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር መሥርተው ወደ ትምህርት ቤቶች ገቡ። በ2004/05 በስኮትላንድ 137 ሰዎች ተገድለው ነበር፤ በ2023/24 57። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕዝቡ ቢላ መቀማት ሲሠለጥን አልነበረም። ቢላ ይዞ መውጣት የጀመረውን ልጅ ቀድመው አገኙት። ልጁ ቢላውን የያዘው ብዙ ጊዜ ሌሎቹም ይይዛሉ ብሎ ፈርቶ ነው።

የየሰፈራችን የቴኳንዶና የካራቴ አሠልጣኞች ለእንዲህ ያለው ሥራ ከማንም ቀዶ ሐኪም ይቀርባሉ። ልጆቹ ከወላጅ ይልቅ እነሱን ይሰማሉ። ኪሱ ውስጥ ሰንጢ መያዝ የጀመረውን ልጅም በስሙ ያውቁታል።