አስቀያሚው ጉቶ



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ዛፍ በሽታ ነው። የምሠራው በዋሽንግተን ስቴት፣ ያኪማ ሸለቆ ውስጥ ባለ የአፕል እርሻ ነው። አበባው ኤፕሪል ላይ ይፈካል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት በየረድፉ እየዞርን በዓይን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ፋየር ብላይት ይሉታል። ዛፉ በእሳት የተለበለበ ስለሚመስል ነው ይህን ስም ያገኘው።

አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም። አበባው ጠውልጎ ይጠቁራል እንጂ አይረግፍም። የለጋው ቅርንጫፍ ጫፍ ልክ እንደ ከዘራ ይቆለመማል። ቅጠሉ ከደረቀ በኋላም ሳይወድቅ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እርጥበት ባለበት ጠዋት ከታመመው ቅርፊት ላይ ማር የመሰለ ዝልግልግ ጠብታ ይወጣል፤ ጠብታዋ በባክቴሪያ የተሞላች ናት። ቅርፊቱን በቢላ ላጥ ስታደርጉት ደግሞ ከሥሩ ቀላ ያለ ቡናማ መስመር ታያላችሁ።

ይህን ሁሉ የምናየው መቀስ ከማንሳታችን በፊት ነው። ቅርንጫፍ የሚያደርቅ ነገር ብዙ ነውና። ውርጭ አበባ ያጠቁራል፣ እንጨት የሚበሳ ትል ጫፍ ያደርቃል፣ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያም አለ። ውርጭ የመታውን ሁሉ በሽተኛ ነው ብሎ የሚቆርጥ ሰው የሚያተርፈው የተራቆተ ዛፍ ብቻ ነው።

የበሽታውን ምክንያት ለማወቅ ራሱ መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል። በኒው ዮርክ ሃድሰን ወንዝ አካባቢ መታየቱ የሚነገረው በ1780 ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ አንዱ ነፍሳት ናቸው ይላል፣ ሌላው ሌላ ይላል። ከተናገሩት አንዱ ሰባኪ ነበር። ሄንሪ ዋርድ ቢቸር ኢንዲያናፖሊስ ሲያገለግል፣ በ1844፣ የፒርን ዛፍ የሚያደርቀው ይኸው በሽታ ዛፉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በመኸር ብርድ ሲመታ የሚመጣ ነው ብሎ ጻፈ። ስመ ጥር ሰባኪ ነበር፤ የዛፉ ነገር ግን አልሆነለትም። (መድረክ የለመደ ሰው ምክንያት አያጣም።) የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ቶማስ በሪል ባክቴሪያ መሆኑን ያሳየው በ1880 ገደማ ነው። በ1891 ደግሞ ሜርተን ዌይት ንብ ከአበባ ወደ አበባ እንደምታዛምተው አረጋገጠ።

ንቧ ምን አጠፋች? ያለ እርሷ ፍሬ የለም፤ ተሸክማው የምትሄደው መልካም ሥራዋን ስትሠራ ነው። ይህን ሳስብ ትዝ የሚለኝ፣ «ለጸሎት ብዬ ነው የምነግርሽ» ተብሎ ከቤት ወደ ቤት የሚሄደው ወሬ ነው። ሙቀቱ ከ18 ዲግሪ ሲያልፍ ባክቴሪያው አበባው ላይ በፍጥነት ይራባል፣ ጠል ወይም ዝናብ ሲያርሰው ወደ ውስጥ ይገባል። በአበባ ጊዜ ስትሬፕቶማይሲን የሚረጩ አሉ፤ እሱ ግን በሩን ለመዝጋት ነው፤ እንጨት ውስጥ የገባውን አያወጣም። ደግሞ ይበልጥ የሚታመመው ያማረበት ዛፍ ነው፤ ማዳበሪያ የበዛለት፣ ለጋ ቅርንጫፉ በፍጥነት የሚያድግ።

ከገባ በኋላ ያለው መፍትሔ መቁረጥ ነው። የምንቆርጠው ግን የደረቀው ላይ አይደለም። ምልክቱ ካቆመበት 30 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብለን አረንጓዴውን፣ ደህና የሚመስለውን እንቆርጣለን፤ ባክቴሪያው ከምልክቱ ቀድሞ ወርዷልና። መቀሱን በአልኮል እንጠርጋለን። አዲስ ሠራተኛ ሁሉ እዚህ ላይ ይከራከራል፤ «ይሄ እኮ ጤነኛ ነው» ይላል።

ዋናው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሌላ ጊዜ ስንገርዝ ቅርንጫፉን ከመነሻው አስተካክለን እናነሳለን። ለዚህ በሽታ ግን በበጋ ስንቆርጥ ከ10 እስከ 12 ሴንቲሜትር የሚሆን ጉቶ እንተዋለን። ስሙም «አስቀያሚው ጉቶ» ነው። መቀሱን የቱንም ያህል ብታጠሩት፣ እንጨቱ ውስጥ የቀረ ባክቴሪያ በቁርጡ ዙሪያ ትንሽ ቁስል ሊያበጅ ይችላል። ግንዱ ድረስ አስጠግታችሁ ካሳመራችሁት ቁስሉ ግንዱ ላይ ይሆናል፤ ጉቶ ከተዋችሁ ጉቶው ላይ ይቀራል። በብርዱ ወራት፣ ዛፉም ባክቴሪያውም ሲያንቀላፉ፣ ተመልሰን ጉቶውን ከነቁስሉ እናነሳለን። እንዳይረሳ ደማቅ ቀለም እንቀባዋለን። አላፊ አግዳሚው ያያል፣ «ይህን ማን ነው ያበላሸው?» ይላል።

በዮሐንስ 15 አብ ገበሬ መሆኑን ስናነብ አብዛኞቻችን አንድ ዓይነት መቁረጥ ብቻ ነው የሚታየን። እርሻ ላይ ግን ጊዜውም፣ ርቀቱም፣ ዓላማውም ይለያያል።

ይህን የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥር ጀምሮ በአጥቢያችን በሁለት ቤተሰብ መካከል ጠብ አለ። ያለ ወረቀት የተሰጠ ብድር ነው መነሻው፤ የቀረው የእነርሱ ነው። በፋሲካ ሰሞን የቤት ኅብረቱ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አንድ ታላቅ ወንድምና እኔ እንድናስታርቅ ተጠየቅን። ከአንዱ ቤት ወጥተን ወደ ሌላው ከመግባታችን በፊት መኪና ውስጥ ቁጭ ብለን እንጸልያለን፤ የሰማነውን ቁጣ ይዘን እንዳንገባ። ጳውሎስ በገላትያ 6 የወደቀውን የሚያቀና ሰው ለራሱም እንዲጠነቀቅ የመከረው ይህን ሥራ ስለሚያውቀው ይመስለኛል።

እስካሁን የቆረጥነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ብድሩ በምስክር ፊት በወረቀት ሆነ፤ በየወሩ ይከፈላል። ሁለተኛ፣ ነገሩ ከሁለቱ ቤትና ከእኛ ውጪ አይወራም፤ የስልክ ግሩፑም ተዘጋ። ይህ ሁለተኛው ጤነኛ የሚመስሉ ወዳጅነቶችንም ነክቷል፤ ቅር የተሰኙብን አሉ።

የተውነው ደግሞ እርቁን ነው፤ በጉባኤ ፊት መተቃቀፉን። «ሽምግልናችሁ ግማሽ ነው፤ ክርስቲያን አይደሉም እንዴ? አሁኑኑ ይቅር ይባባሉ» የሚሉን አሉ። ይቅርታ ትእዛዝ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን አንደኛዋ እህት ስታወራ እጇ ይንቀጠቀጣል። በዚህ ትኩሳት አስጠግተን ብናሳምረው መድረኩ ላይ ይተቃቀፋሉ፤ ቁስሉ ግን ግንዱ ውስጥ ይከርማል።

በሌላ በኩል ጉቶ መተው መርሳት አይደለም። ብርዱ አልፎ ጉቶው እዚያው ከተገኘ፣ በጸደይ ከእርሱ ላይ ያ ጠብታ እንደገና ይወጣል፣ ነፍሳትና ዝናብም ወደ አዲሱ አበባ ያደርሱታል። የዕብራውያን ጸሐፊም በምዕራፍ 12 ስለ መራራ ሥር ሲያስጠነቅቅ ስለ አንድ ሰው ብቻ ተጨንቆ አልነበረም። ስለዚህ ቀን ቆርጠናል፦ የዲሴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በታላቁ ወንድም ቤት። ሁለቱም ቤተሰቦች እሺ ብለዋል፤ አንደኛው ወዲያው፣ ሌላኛው ከሁለት ሳምንት ዝምታ በኋላ።

እስከዚያ በጸሎት አስቧቸው። ስማቸውን ግን አትጠይቁኝ።